ድንኳኑ ለስብሰባ ተይዟል

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ በወረርሽኙ ጊዜ ሞተባት። ከሆስፒታል በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ፤ አራት ሰው ሮጥ ሮጥ ብሎ ቀበረው፤ አለቀ።

ባሏ ማን መሰላችሁ? የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ እየዞረ፣ «እገሌ አርፏል፤ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል የኖረ ሰው። ለከተማው ሁሉ ነፍቶ ለእሱ የነፋለት የለም። መሰብሰብ ክልክል ነበራ! ድንኳን አልተተከለም። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ አጠገቧ የተቀመጠ አልነበረም። ጎረቤት በመስኮት እጁን አወዛወዘላት፤ አውቶቡስ የምትሳፈር ይመስል።

እሺ፣ ጊዜው ነው። ሴትየዋ፣ ስንዱ እንበላት፣ አልተቀየመችም። «ይለፍና ወግ እናደርሳለን» አሏት ዕድርተኞቹ፤ ጠበቀች።

አለፈ። ከተማዋም የማገገሚያ ዕቅድ ልታወጣ ተነሣች። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውን የሚከታተል ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዘጠና ስድስት ገጽ ተጻፈ። ፏፏቴ ያለው አደባባይ አለበት፤ የቱሪስት መቀበያ አለበት። ቱሪስቱ ከየት እንደሚመጣ የሚናገረው ገጽ ብቻ ማተሚያ ቤት ሳይቀር አልቀረም።

ስንዱ ወደ ዕድሩ ሰብሳቢ ሄደች። አቶ ሸዋረጋ ይባላሉ፤ እሳቸውም የኮሚቴው አባል ሆነዋል።

«ጋሼ፣ የደምሰውን ለቅሶ ልቀመጥ። ድንኳኑን ለአንድ ቀን ስጡኝ።»

«ምነው ስንዱ! ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው እኮ!»

«እሱማ ሞቷል። እኔ ነኝ ያላለቀስኩት።»

«ዕቅዱ የሚያየው የወደፊቱን ነው፤ የኋላውን ከከፈትነው ማን ይዘጋዋል? በይ ቅዳሜ የሕዝብ ውይይት አለ፤ በአስተያየት መልክ አቅርቢው።»

«ድንኳኑስ?»

«ድንኳኑ ለስብሰባ ተይዟል።»

ሰማችሁ? ከተማው እንዴት እንደሚያገግም ለመወያየት የለቅሶውን ድንኳን ወሰዱት! የለቅሶውን አግዳሚ ወንበር ወሰዱት! ከዚያ ድንኳን ሥር ተቀምጠው፣ «ሕዝቡ ምን ጎደለው?» ብለው ሊጠይቁ!

ቅዳሜ ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ዕቅዱን ያወጣው ባለሙያ ስለ ፏፏቴው እያስረዳ ነበር። አልፋው፣ ኀዘንተኛ በሚቀመጥበት ጥግ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ወንበር አለ» አላት ባለሙያው።

«ወንበሩ ለለቀስተኛ ነው።»

«አስተያየት የምንቀበለው በመጨረሻ ነው።»

«አስተያየት የለኝም፣ ልጄ። ባሌ ሞቶብኝ ነው።»

ባለሙያው ደነገጠ። «መቼ?»

«መሰብሰብ ክልክል በነበረ ጊዜ።» ይህን ብላ፣ «ደምሰው! ኧረ ደምሰው!» እያለች ማልቀስ ጀመረች።

ከኋላ አንዲት ጎመን ሻጭ ተነሣች። ማንንም አላስፈቀደችም። «እኔም እኮ እኅቴን እንዲሁ ነው የሸኘኋት» አለችና ከስንዱ ጎን ዘፍ አለች። ሌላዋ ተከተለች። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን አስቀምጦ መጣ። ነጠላ ሁሉ ይዘቀዘቅ ጀመር። ቃለ ጉባኤ ያዡ ግራ ገብቶት፣ «ተሳታፊዎች በዕቅዱ ላይ ጥልቅ ስሜታቸውን ገለጹ» ብሎ ጻፈ።

«አቶ ሸዋረጋ፣ ኧረ ሥርዓት ያስከብሩልን!» አለ ባለሙያው።

አቶ ሸዋረጋ ተነሡ። ማይክሮፎኑን ያዙ። «ስንዱ ተነሺ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» የሚል ነበር። ለካስ እሳቸውም ደምሰው በሞተበት ወር ወንድማቸውን ቀብረው፣ ሳያለቅሱ በማግስቱ ሥራ የገቡ ናቸው።

በዚያ ቀን ፏፏቴው አልጸደቀም። ደምሰው ግን ተለቀሰለት።

እናንተስ? አትሳቁ እስቲ! በከተማው ኮሚቴ መሳቅ ምን ይከብዳል? እኛስ ምን አደረግን? የቤተ ክርስቲያናችንን ምንጣፍ ቀየርን። ድምፅ ማጉያ ገዛን። «ተመስገን፣ አለፈ» አልን። ምኑ ነው ያለፈው? በማን ደጅ ነው ያለፈው?

ያኔ «ይለፍና እመጣለሁ» ያላችሁት ቤት የለም? ለማጽናናት ደውላችሁ፣ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እፎይ ያላችሁበት ቤት የለም? አለ እንጂ! ይኸው አሁን እንኳ ሰፈሩ በዓይናችሁ መጣ።

«ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ምን ብዬ ልሂድ? አፍራለሁ» ትላላችሁ። እፈሩ! ማን አትፈሩ አላችሁ? አፍራችሁ ሂዱ! የጸሎት መርሐ ግብር እስኪወጣ አትጠብቁ፤ የጉብኝት ኮሚቴም አታቋቁሙ፣ ስለ ፈጣሪ!

ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ተዉት። ያንን ደጅ አንኳኩ። ኀዘንተኛዋ «ማነው?» ስትላችሁ፣ «ዘግይቼ ነው» በሉ። ከዚያ በኋላ አትስበኩ። ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ።