ዕድሜዋን የደበቀችው ሞተር

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ወሬያችሁን ተዉትና ጠጋ ጠጋ በሉ። መኪና ከነዕቃው እንደ ሰው ያወራ በነበረበት ዘመን፣ ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት የጭነት መኪና ሞተር ነበረች። እመት ሞተሪት ይሏታል። ባለቤቷ ጋሽ ጓንጉል የሚባሉ ሹፌር ናቸው። ሥራዋ ሸዋ ሮቢት ቆላ መውረድ፣ ሽንኩርት መሸከም፣ የጣርማ በርን ዳገት መውጣት፤ ደግሞ መውረድ፣ መሸከም፣ መውጣት ነው።

እመት ሞተሪት አርጅታለች። አራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ግን ድሮ አንድ ደላላ ሊሸጣት ሲል ቆጣሪዋን ወደ ኋላ አዙሮ ሰማንያ ሺህ ላይ አቁሞላት ነበር። እሷ ደግሞ ወደደችው። ዕድሜዋን ለጠየቃት ሁሉ "ሰማንያ ሺህ ነኝ" ትላለች። እውነቱን የሚያውቀው ሆዷ ውስጥ እየገባ የሚወጣው የዘይት መለኪያ ዘንግ ነው። አያ ዘንጎ ግን ምስጢር ጠባቂ ነው፤ አይናገርም።

አንድ እሁድ ዳገቱ መሃል ላይ ሳለች፣ ጢስ ተፋች፣ ቀጥ አለች። ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ዋለ። ጋሽ ጓንጉል አስጎትተው ቤት አደረሷት፤ ተቆጥተውም አሮጌ ብረት የሚሰበስበውን ቆራሌ ጠሩና "እስከ ቅዳሜ ካልተሻላት መጥተህ በኪሎ ውሰዳት" አሉት። እመት ሞተሪት ይህን ስትሰማ ብሎኗ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ብረት ሆኖ ቆራሌው የማያስፈራው ማን አለ?

እዚያው ሰፈር ባለ የመኪና ዕቃ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ ሦስት ዘይቶች ወሬውን ሰሙ። ጋሽ ጓንጉልም የሞተራቸውን ቋንቋ ያውቃሉና የፈቀደችውን ሊገዙላት ተስማሙ።

ሰኞ ቅይጡ ዘይት መጣ። ግማሹ ከመሬት የወጣ፣ ግማሹ ፋብሪካ የተሠራ ነው። ከሁለቱም ወገን ዘመድ አለኝ ብሎ አወራላትና ዕድሜዋን ጠየቃት። ሰማንያ ሺህ አለችው። ልጅ ነሻ፣ እበቃሻለሁ ብሎ ገባ። ደጋው ላይ ደህና ነበር። ቆላው ሙቀት ሲያገኘውና ዳገቱ ሲጨመርበት ግን ከላላው መገጣጠሚያዋ ጋር መታገል አቃተው። ማክሰኞ ጠቁሮና ደክሞ ወጣ።

ረቡዕ ቀጭኑ መጣ። እሱ ሙሉ በሙሉ ፋብሪካ የተሠራ፣ ሲንቴቲክ የሚሉት ነው፤ ኩራቱ ደግሞ አይጣል። አፈር የሚባል ነገር ነክቶኝ አያውቅም፣ ጠብታዬ ሁሉ እኩል ነው፣ ብርድ ላይ የሚቀድመኝ የለም አላት። ዕድሜዋን ጠየቃት። ሰማንያ ሺህ አለችው። የተሠራሁት ለእንዳንቺ ዓይነቷ ነው ብሎ ገባ። እውነትም ቁልፍ ገና ሲነካት ተነሳች። ደስ አላት፣ እሷ ራሷ ሰማንያ ሺህ መሆኗን ልታምን ምንም አልቀራት።

ሐሙስ ጠዋት ከመኪናዋ ሥር የምትተኛው ነጭ ድመት ጀርባዋ ዘይት በዘይት ሆኖ ተነሳች።

"እመት ሞተሪት፣ ሰማንያ ሺህ የሄደች ሞተር እንዲህ ታንጠባጥባለች? ይኼን ጀርባ አሁን በምላሴ ላጥበው ነው?" አለቻት።

ቀጭኑ በየቀዳዳው ሾልኮ አልቆ ነበር።

ዓርብ ወፍራሙ መጣ። እሱም ሙሉ ሲንቴቲክ ነው፤ ከቀጭኑ ጋር የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ስለ ራሱ ምንም አላወራም። ዕድሜዋን ብቻ ጠየቃት።

"ሰማንያ ሺህ" አለች፤ ድምፅዋ አነሰ።

"እንግዲያው ደህና ዋይ። ለልጅ ሞተር እከብዳለሁ። እኔ የምሆነው ለደከመችው ነው፤ ካገኘሻት ንገሪልኝ" ብሎ ሊመለስ ተነሳ።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ "ቆራሌው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰውዬው በአንድ ቀን ቀድሞ ሊያያት መጥቷል። እመት ሞተሪት አያ ዘንጎን አየችው። የእሷን ዕድሜ እሱ አይናገርላትም።

"ቆይ" አለች። "አራት መቶ ሺህ ነኝ። መገጣጠሚያዬ ሁሉ ላልቷል። ደክሞኛል።"

"ይኼን ሰኞ ብትናገሪ ድመቷ ነጭ ሆና ትቀር ነበር" አላት ወፍራሙ። "በይ፣ እኔም እውነቴን ልንገርሽ። ጠዋት ብርዱ ላይ ቀርፋፋ ነኝ። አታስሩጪኝ፣ እስክሞቅ ጠብቂኝ" ብሎ ገባ።

ቅዳሜ ቆራሌው ጆንያውን ይዞ በር ላይ ቆመ። እመት ሞተሪት በዝግታ ተነሳች፣ በዝግታ ሞቀች፣ ቆላ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርቷን ተሸክማ፣ ሳትስል፣ ሳታጨስ፣ ጣርማ በርን ወጥታ መጣች። ጋሽ ጓንጉል ኮፈኗን መታ መታ አድርገው ሳቁ። ቆራሌውም ባዶ እጁን አልሄደም፤ የቅይጡንና የቀጭኑን ባዶ ጣሳ ይዞ ሄደ።

እንግዲህ የትኛው ዘይት ይሻላል እያላችሁ የምትጨቃጨቁ ስሙኝ። ቅይጡም ቀጭኑም ክፉ አልነበሩም። የገቡት ለሌለች ሞተር ነው። ያለችዋን የሚረዳት የተገኘው፣ እሷው ራሷ እውነቱን ስትናገር ነው።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። አፌን በዳቦ አብሱልኝ፤ በጋሽ ጓንጉል ጨርቅ እንዳይሆን ብቻ፣ ዘይት ነክቶታል።