ጠርዙ የተለጠጠው ቆዳ

አንድ ጭቃ ሹም ነበረ።

ተቀመጪ ስንዱ፤ ጥያቄሽን አልሸሸሁትም። «መምህር፣ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች፤ መጽሐፋችን ግን አፍሪካ አሥራ አራት እጥፍ ትበልጣለች ይላል፤ የዋሸው የትኛው ነው?» ብለሽኛል። መልሱ ከጭቃ ሹሙ ጋር እየመጣ ነው፤ ጆሮሽን ብቻ ስጪኝ። እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ሳቃችሁን ቆጥቡት፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ይህ ጭቃ ሹም የሚያስተዳድረው አንድ ክብ ኮረብታ ነበር፤ ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ጋን ይመስላል። የሹሙ ቤት አናቱ ላይ ነው፤ የገበሬዎቹ መሬት ደግሞ ከአናቱ ጀምሮ በወገቡ በኩል እስከ ግርጌው ወንዝ ድረስ ዙሪያውን ይወርዳል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሁለት ድክመት ብቻ ነበረበት፤ ድግስ ይወዳል፣ መንገድ አያውቅም። ኮረብታው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ጉም አይለየውም።

አንድ ቀን ክርስትና ተጠርቶ ከቤቱ ወጣ። በጉሙ ውስጥ ሲዳክር ቆየና የሰው ድምፅ ወደሰማበት ቤት ዘው ብሎ ገብቶ፣ በዚያ በሚያስተጋባ ድምፁ «እንኳን ማርያም ማረሽ! ወንድ ነው ሴት?» አለ። የገባው ለቅሶ ቤት ነበር። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ሞተው ቤተሰቡ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። የሟች ሚስት እንባቸውን ጠረጉና «ወንድ ነበሩ ጌታው» አሉት።

ሹሙ ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣም። በስምንተኛው ቀን ቆዳ የሚያለፋና ሥዕልም የሚሞካክር አንድ ባለሙያ አስጠራና «ኮረብታውን ሣልልኝ» አለው።

ባለሙያው የሥራውን ክብር የሚያውቅ ሰው ነበር። ገመዱን ይዞ ሦስት ሳምንት ኮረብታውን ዞረ፤ የእያንዳንዱን ሰው መሬት ለካ። ከዚያ ጭቃ አቡክቶ ትንሽ ኮረብታ ሠራ፤ ልክ እንደ እውነተኛው ክብ፣ ልክ እንደ እውነተኛው ጎባጣ። የመሬቱን ድንበር ሁሉ በጥላሸት አሰመረበት። ምንም ያልተዛነፈ ሥራ ነበር። የትልቁ መሬት ትልቅ፣ የትንሹም ትንሽ ሆኖ፣ መንገዱም በመንገዱ ላይ ወጣ።

ሹሙ አየውና «ጎበዝ! ግን ይህንን ድግስ በተጠራሁ ቁጥር በአህያ ላስጭነው ነው? ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ስፈልግም ጠቅልዬ በብብቴ የምይዘው ነገር ነው የምፈልገው» አለ።

ባለሙያው እርጥብ ቆዳ አምጥቶ በጭቃው ኮረብታ ላይ አለበሰው፤ በመዳፉ ደህና አድርጎ አሸው። ጥላሸቱ ወደ ቆዳው ዞረ። ቆዳውን ሲያነሣው ግን እንደ ቆብ ጎብጦ ቀረ። መሬት ላይ አስቀምጦ አናቱን ሲጫነው ጠርዙ አልበቃ እያለ ይነሣበታል። አሁንም ተጫነው፤ አሁንም ተነሣ።

«ጌታው፣ ክብ የነበረ ነገር ወዶ ጠፍጣፋ አይሆንም» አለ ባለሙያው። «አንድ ነገር ማበላሸት አለብኝ። ጠርዙን ከቀደድሁት የሰው መሬት ሁሉ በልኩ ይቀመጣል፤ መንገዱ ግን ይቆራረጣል። ከለጠጥሁት ደግሞ መንገዱ ከደጅዎ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የግርጌው መሬት ግን ያለቅጡ ይሰፋል። ለምን ሥራ ነው የፈለጉት?»

«ለመንገድ ነዋ! ደሞስ የተቀደደ ቆዳ በእኔ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው?»

ስንዱ፣ ይህችን መልስ ያዢልኝ። «ለመንገድ ነዋ» ነው ያለው፤ በገዛ አፉ።

ባለሙያውም መሬት ላይ ችካል ቸከለና ቆዳውን ዙሪያውን ጎትቶ ወጠረው። ጠርዙ ተለጠጠ፤ ደረቀ፤ በሹሙ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ሹሙ አንድም ቀን አልጠፋም። ጉሙ የፈለገውን ያህል ቢወፍር ቆዳውን አይቶ ይወጣል፤ አቅጣጫውን ይዞ ሄዶ የድግሱ ቤት በር ላይ ይደርሳል። ክርስትናውም ሠርጉም ተሳካለት። ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ለቀቀ።

አገሩ ሁሉ ቆዳውን ሊያይ መጣ። ከመጡት መካከል በወንዙ ዳር አንድ ቀጭን ቁራሽ መሬት ያለው ጉረኛ ሰው ነበር። ዱሮም ሲጎርር ለጉድ ነው፤ አሁን ማስረጃ አገኘ። ያቺ ቀጭን መሬቱ በቆዳው ጠርዝ ላይ ተለጥጣ አንድ ወረዳ አክላለች። አፉን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው በአገጩ ብቻ ሆነ። «መሬቴን ዳር እስከ ዳር ለማየት ስንቅ መያዝ አለብኝ» ይል ጀመር፤ ሚስቱ ከቤት ሆና ብትጠራው የሚሰማበት መሬት እኮ ነው!

ሌላዋ ደግሞ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። የእርሷ መሬት በኮረብታው ወገብ ላይ የተንጣለለ ጥቁር አፈር ነው። ከጉረኛው መሬት አምስት እጥፍ ይበልጣል። ቆዳው ላይ ግን ወገቡ ብዙም ስላልተለጠጠ፣ ከዚያ ከተንቦረቀቀው የጉረኛ መሬት አጠገብ ሲታይ መዳፍ አይሞላም። ሴትየዋ ጣቷን አስጠግታ ለካችውና «ይህ የኔ አይደለም» አለች።

«ቆዳው አይዋሽም» አላት ሹሙ።

«እኔ ያንን መሬት ስንት ክረምት አርሜዋለሁ፤ ወገቤ ያውቀዋል» አለችና ወጣች።

እንግዲህ በዚያ አገር አንድ ደግ ልማድ ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት በአንድ የታወቀ ቀን መንደሩ በሬዎቹን ሁሉ አውጥቶ፣ በሬ ለሌለው ሰው በደቦ ያርሳል። ለማን ስንት ጥማድ በሬ እንደሚደርሰው የሚደለድለው ጭቃ ሹሙ ነው። ዱሮ ሹሙ በእግሩ ዞሮ መሬቱን በዓይኑ አይቶ ነበር የሚደለድል። በዚያ ዓመት በሬ ያጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንድ በሬው ገደል የገባበት ጉረኛውና ከነጭራሹ በሬ የሌላት ይህች ሴት። የወጣው በሬ ሠላሳ ጥማድ ነው። ሹሙ ግን ጉልበቱን አሞት፣ ደግሞም ባለፈው ሳምንት የሦስት ድግስ ሥጋ ከብዶት፣ ከአልጋው ሳይነሣ ወደ ግድግዳው አንጋጠጠና ደለደለ። ለጉረኛው ሃያ ስድስት፣ ለሴትየዋ አራት።

ሴትየዋ ድልድሉን ሰማች። አራት ጥማድ በሬ የመሬቷን ሩብ እንኳ አያርስም። ያ ጥቁር አፈር ደግሞ ዝናብ ከወረደበት በሬ እስከ ጉልበቱ ይሰምጥበታል፤ ማረሻ አይነካውም። ሰማዩም ከጠዋቱ ጠቁሯል። ዛሬ ካልታረሰላት ዓመቱን ልጆቿን ይዛ የሰው ደጅ ልትጠና ነው።

ጉረኛው ግን ሠርግ ሆኖለታል። ሃያ ስድስቱም ጥማድ እየተነዳ ወደ ወንዙ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥማዶች ገቡና መሬቱ ሞላ። ስድስተኛው ሲገባ የመጀመሪያው መዞሪያ አጣ። አሥረኛው አጥር ጣሰ። የቀሩት ወንዙ ውስጥ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። አንዱ ገበሬ ጅራፉን ሲያነሣ የጎረቤቱን ቆብ ይዞ ሄደ። ትልም ሲያወጣ የነበረ ሰው ቀና ቢል አፍንጫው ከሌላ ሰው በሬ አፍንጫ ጋር ገጠመ። ሰው እየተቆጣ፣ በሬ እየተፋጠጠ፣ ረፋዱ ላይ ያቺ ቁራሽ መሬት ሦስት ጊዜ ተገለበጠች። አፈሯ እንደ ዱቄት ላመ።

«የቀረው መሬት ወዴት ነው?» አሉት ገበሬዎቹ።

«ወዲያ ነው» አለ ጉረኛው በእጁ እያመለከተ።

«ወዲያማ ወንዝ ነው።»

«እንግዲያስ ወዲህ ነው።»

«ወዲህማ ቤትህ ነው!»

የጉረኛው ሚስት በር ላይ ቆማለች። በደቦ ልማድ አራሹን የሚያበላው ባለመሬቱ ነው። ሃያ ስድስት የራበው አራሽ አየችና፣ ባሏን አየችና፣ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሹሙ ወሬው ደርሶት በበቅሎ ወረደ። እርሱም የቀረውን መሬት መፈለግ ጀመረ። ቁጥቋጦውን ሁሉ ገለጥለጥ አድርጎ አየ፤ መሬት እኮ ነው የሚፈልገው፣ ዶሮ አይደለም!

ይህ ሲሆን ሴትየዋ ከላይ ወረደች። ያንን ቆዳ በትከሻዋ ተሸክማለች፤ ሹሙ ቤት ሄዳ የሹሙ ሚስት ናት በገዛ እጇ አውርዳ የሰጠቻት። መሬት አጥተው በቆሙት በሬዎች ፊት ቆዳውን ዘረጋችና ወደ ሹሙ ዞረች።

«ጌታው፣ የጠፋው መሬት ተገኝቷል፤ እዚህ ላይ ነው ያለው። የተረፉት በሬዎች ይህንን ይረሱ» አለች።

ከፊት የቆመው በሬ ቆዳውን አሸተተውና ያንን ሁሉ አገር በአንድ እርምጃ ረግጦት አለፈ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስቱም አራሽ በሳቅ ፈነዳ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። «ልጆቼ ቆዳ ላይ የበቀለ እህል አይበሉም ጌታው። ዝናቡ መጣ» አለች።

ሹሙ ሰማዩን አየ፤ ቆዳውን አየ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ከበቅሎው ወርዶ የፊተኛውን ጥማድ በሬ በገዛ እጁ እየነዳ ሽቅብ ወጣ፤ ያ ጉልበቱን አመመኝ ያለው ሰውዬ! ሠላሳውም ጥማድ የሴትየዋን መሬት ገባበት። ለሁሉም ቦታ ነበረው። ሲመሽ ዝናቡ ወረደ፤ ግማሽ ቀን ስለባከነ አንድ ጥግ ሳይታረስ ቀረ እንጂ የቀረው ተርፏል። በዚያች ጥግ ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ዘራችባት።

በማግሥቱ ሹሙ ባለሙያውን አስጠርቶ «አንተ ውሸታም! ሴትየዋን ልትገድልብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸበት።

ባለሙያውም «ጌታው፣ ቆዳውን ከሰጠሁዎ ወዲህ መንገድ ጠፍቶብዎት ያውቃል?» አለው።

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያስ ቆዳው የተላከበትን አድርሷል። ለምን ሥራ ነው ብዬ ስጠይቅዎ ለመንገድ አሉኝ። መሬት ይለካል ብለው ግድግዳ ያዩት እርስዎ ነዎት፤ እርሱን እንኳን ቆዳው፣ እኔም አልሰማሁም» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

አየሽ ስንዱ፤ ኮረብታው መሬት ናት፣ ዓለማችን። ክብ ናት፤ ወረቀት ላይ ስትነጠፍ ወይ ትቀደዳለች ወይ ትለጠጣለች፤ መጽሐፋችሁ ፕሮጀክሽን የሚለው ይህንኑ ነው። ያ የግድግዳው ካርታ የተሣለው ለመርከበኞች ነው፤ በባሕር ላይ አቅጣጫ እንዳይጠፋቸው። መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲታያቸው ሲባል ወደ ዋልታዎቹ የተጠጋው አገር ሁሉ ተለጠጠ፤ ግሪንላንድም አብራ ተንቦረቀቀች። አፍሪካ በምድር ወገብ ላይ ስለሆነች ብዙም አልተነካችም፤ ስለዚህ አንሳ ታየች። ስለዚህ ካርታው አልዋሸም፤ መጽሐፉም አልዋሸም። መርከብ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ካርታውን እመኚው። አገርን ካገር ለማበላለጥ ከሆነ ግን ስፋትን በልኩ የሚያሳይ ሌላ ካርታ ፈልጊ፣ ወይም ሉሉን እዪ። ካርታ በፊትሽ በተዘረጋ ቁጥር «ለምን ሥራ ተሠራህ?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትለኪበት።

ጭቃ ሹሙን ደግሞ ሩቅ አትፈልጊው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህች ዱላ ያንን የመርከበኞች ካርታ እየጠቆምሁ «ትልቁ አገር የቱ ነው?» እያልሁ ስጠይቅ የኖርሁት እኔ ነኝ። መርከብ እንኳ አይቼ አላውቅም። ስንቱ ልጅ የቆመባትን አህጉር አሳንሶ ከዚህ ክፍል እንደወጣ ሳስበው አፍራለሁ። አንቺ ዛሬ ቆዳውን አውርደሽ ፊቴ ዘረጋሽው። በይ ነዪ፣ ካርታውን አብረን እናውርደው።