የገበሬ አረማመድ

ይህ የሆነው በሕንድ አገር ነው፤ እዚያ አልነበርኩም፣ ግን እምላለሁ። ቪናያክ የሚባል የቴአትር አዘጋጅ ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት ተምሮ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የፈረንጅ የትወና መጽሐፍ ይዞ አንድ መንደር ገባ። በሚያዘጋጀው ቴአትር ውስጥ የገበሬውን ሚና ለእውነተኛ ገበሬ ሰጠ። ሰውየውም በደስታ ለሚስቱ፣ ለአማቱና ለዘጠኝ መንደር አወጀ።

በመጨረሻው የልምምድ ቀን አዘጋጁ «መምሰል ክልክል ነው፤ ሁን!» ብሎ ጮኸ።

ገበሬው መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ልማዱ ተራመደ። አዘጋጁ መጽሐፉን ገለጥ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ገበሬ አትመስልም! ገበሬ መሬት መሬቱን እያየ፣ ግራ ቀኝ እየቃኘ፣ በየሦስት እርምጃው እየቃተተ ነው የሚሄደው። ሃያ ጊዜ አሳየሁህ! ዛሬ ካልቻልክ ሚናውን ለፖስታ ቤቱ ጸሐፊ እሰጠዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ሁን አሉኝ፤ እኔ እኮ እርስዎ ሳይመጡም ሆኜ ነው የቆየሁት።»

«መጽሐፉ አይሳሳትም!»

«መቼ ተሳሳተ አልኩ? ፈረንጁ ያየውን ነው የጻፈው። ግን በዕድሜው ያየው ገበሬ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዚያን ዕለት በሬ ጠፍቶበት ነበር።»

አዘጋጁ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሚናውም ለገበሬው ጸና።