ቦርዱን ማን አጋለው?

ወሬ ያለው ወሬውን ይዋጥ፣ ጆሮ ያለው ይቅረብ! ድሮ ነው፤ ድሮ ስላችሁ ግን ባትሪ ከመጣ ወዲህ ነው። አስካለ የምትባል፣ ሽቦ መቀጣጠል የምትወድ ሴት ነበረች። ከወዳደቀ ዕቃ የኤሌክትሪክ ቦርድ ነቅላ፣ ከሶላር ባትሪ ጋር አገናኝታ፣ የጫጩት ማስፈልፈያ ሳጥን ሠራች። አምፖል፣ ሬዲዮና ማራገቢያም እዚያው ባትሪ ላይ ቀጠለች፤ ሳጥኑ ውስጥ አሥራ ሁለት እንቁላል አስገባችበት።

የእንቁላሎቹን እናት ሸለምጥማጥ በልቷታል። ሲወስዳት ጎረቤቷን እሜት እንሽላሊትን «እንቁላሎቼን አደራ!» ብላት ነበር። እንሽላሊትም አደራ በላ ላለመባል፣ በቦርዱ ሽፋን ላይ ተለጥፋ ቀን ከሌት ትጠብቅ ጀመር። ቦታው ሞቅ ይላል። መቼም እንዲህ ያለ ጥበቃ ማንም አይጠላም!

ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሰማዩ ደመነ፤ ሶላሩ ሥራ ፈታ። አያ ባትሪ በሰለለ ድምፅ፣ «ኧረ እያለቅሁ ነው! ቦርዱ ግሏል፣ አንዳችሁ ጉልበቴን እያባከነ ነው። እንዲህ ከሆነ ለነገ አልደርስም፤ ጫጩቶቹም እንደተዘጋባቸው ይቀራሉ!» አለ።

እንሽላሊት በንዴት ጦፈች። ከተኛችበት ሳትነሣ ምርመራዋን ጀመረች።

«አንቺ አምፖል! በቀን ለማን ታበሪያለሽ?»

«የእኔ እኮ ትንሽ ናት!»

«ጥፊ!» ጠፋች። ቦርዱ ግን እንደጋለ ነው።

«አንተ ሬዲዮ! ሰሚ በሌለበት ምን ያስለፈልፍሃል?»

«የእኔማ ጠብታ ናት!»

«ዝም በል!» ዝም አለ። ቦርዱ ግን እንደጋለ ነው።

«አንተ ማራገቢያ! ማን አሳደደህና ነው የምትሮጠው?»

ማራገቢያው እያለከለከ፣ «ወድጄ መሰለሽ? ቦርዱ እንዳይቃጠል ነው! እሱን ጠይቂው!» አላት።

ቦርዱም፣ «ታፍኛለሁ! መተንፈሻ ቀዳዳዬን የደፈነብኝ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«ማን አባቱ ነው? አሳዩኝ፣ ጅራቱን ነው የምቆርጠው!» አለችና እንሽላሊት ተፈናጥራ ተነሣች።

ፉፍፍ! የታፈነው ትኩስ አየር ከሆዷ ሥር ወጣ። ማራገቢያው ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ሁሉም አዩአት።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» አለ ማራገቢያው።

እንሽላሊት «የእኔ ሆድ እኮ የጣት ያህል ነች» ልትል አፏን ከፈተች። አምፖልና ሬዲዮም ያሉት ይህንኑ ነበር። አፈረች። «ለካ አደራ በላዋ እኔ ነኝ!» ብላ ወርዳ፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። እንሽላሊት ብርድ አትችልም፤ እስከ ጅራቷ ተንቀጠቀጠች፤ ወደ ሽፋኑ ግን አልተመለሰችም። አያ ባትሪም የቀረችውን ጉልበት ለእንቁላሎቹ ሙቀት ብቻ እየቆነጠረ ሰጠ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ቋ! አለ አንዱ እንቁላል። ቋ! ቋ! አሥራ ሁለቱም ወጡ! እንሽላሊት ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ምነው እናታቸው ባየች!» እያለች ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ዞረችው።

እናንተም የሰማችሁኝ፣ ማን አባከነ ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት፣ እስቲ መጀመሪያ ከተቀመጣችሁበት ተነሡ!