አንድ ጉንጭ ውኃ

ቀረብ በሉ፤ ጮክ ብዬ አላወራም። ደምለው ድምፅ ከሰማ ይንቀጠቀጣል።

ደምለው አንድ ጉንጭ ውኃ አማረው። አሮጌ ቆርቆሮ ሲያነሳ የዛገ ሚስማር እግሩን ወጋው፤ ትንሽዬ ቁስል ናት። ታላቅ እህቱ እታለማሁ ንፋስ እንዳይገባው ብላ በእርጥብ እበት መረገችው፤ በጨርቅም አሰረችው። በስምንተኛው ቀን መንጋጋው ተቆለፈ፤ ሐኪም ቤት አስገባችው፣ ብርሃን እንዳያንቀጠቅጠው መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል ውስጥ።

ኩባያውን ከንፈሩ ላይ አድርጋ አፍን «ተከፈት» አለችው።

«አልከፈትም፤ ጅማት ይዞኛል» አለ አፍ። ድምፁ የደምለው አልነበረም።

ጅማትን «ልቀቅ» አለችው።

«አልለቅም፤ መርዝ ይገትረኛል።»

መርዝ ጅማትን ይገትራል፣ ጅማት አፍን ይይዛል፣ ደምለውን ውኃ ይጠማዋል።

መርዝን «ውጣ» አለችው።

«አልወጣም፤ ቁስል አኑሮኛል፤ ይመቸኛል።»

ቁስል መርዝን ያኖራል፣ መርዝ ጅማትን ይገትራል፣ ጅማት አፍን ይይዛል፣ ደምለውን ውኃ ይጠማዋል።

ሲስተር ወይንሸት በሹክሹክታ «እናቴ፣ ቁስሉን ያሳዩኝ» አለቻት። እታለማሁ የለበሰውን ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ሳበችበት። ከብርድ ልብሱ ሥር ግን ቁስል ራሱ ተናገረ፤

«አልጸዳም፤ እበት ከድኖኛል።»

«አልነሳም፤ የመረገችኝ ታንሳኝ» አለ እበት።

«አላነሳም!» አለች እታለማሁ፤ «ንፋስ ይገባዋል። ደሞ እዩት፣ እየሳቀ አይደል? ሽሎታል።»

እታለማሁ እበትን አታነሳም፣ እበት ቁስልን ይከድናል፣ ቁስል መርዝን ያኖራል፣ መርዝ ጅማትን ይገትራል፣ ጅማት አፍን ይይዛል፣ ደምለውን ውኃ ይጠማዋል።

እውነትም ደምለው ይስቃል። ጉንጩ በጅማት ተስቦ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣ ያለ ድምፅ። ውጭ በር ሲላተም ጀርባው ከአልጋው ተነስቶ እንደ ደጋን ጎበጠ። ሳቁ ግን ከፊቱ አልጠፋም። ከዚያ ከሚስቀው ፊት ላይ እንባ ወረደ።

እታለማሁ ክው አለች። «ወንድሜ፣ ለካ አንተ አይደለህም የምትስቀው!» ብላ ጨርቁን ፈታች።

እበት ተነሳ፣ ቁስል ታጠበ፣ መርፌ መርዝን ደረሰበት። ጅማት ግን ግትር ነው፤ ደምለው በግሉኮስ ሰነበተ። በሦስተኛው ሳምንት ጅማት ላላ፣ አፍ ተከፈተ፣ ደምለው አንድ ጉንጭ ውኃ ጠጣ።

ጠጥቶ ፈገግ አለላት።

«አትሳቅ!» ብላ ጮኸች እታለማሁ።

«እቴ፣ ይሄኛው የራሴ ነው» አላት።

አሁን እናንተም ጮክ ብላችሁ ማውራት ትችላላችሁ።