በአመድ የተቀበረው የመሪ ክንድ

«አንድ በያጅ ነበረ» አሉ አባ ክንፉ።

የንስሐ ልጃቸው ደብሪቱ ከፊታቸው ተቀምጣለች። ከታላቅ እህቷ ጋር ለዓመታት ተኳርፈው ኖረው ትናንት በሽማግሌ ታርቀው ተሳስመዋል። ዛሬ ልጆቿን ይዛ እህቷ ቤት ልትገባ ስትነሳ አባ ክንፉ «ቆይ» አሏት። እሷም «ታርቀን የለም ወይ አባ? ከዚህ በኋላ ምን እንጠብቃለን?» ብላ ጠየቀቻቸው። መልሳቸው ይህ ነበር።

አንድ በያጅ ነበረ። የሚሠራው ረጅሙ ቁልቁለት ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ጉም በማይለየው ሰፈር ነው። አንድ ቀን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከደጁ እልፍ ብሎ ቀጥ አለ። ከፊት ጎማዎቹ አንዱ ወደ ገደሉ፣ ሌላው ወደ በያጁ ቤት ዞሯል። መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ተሰብሮ ነበር። ከላይ፣ በሸራው ሥር፣ ብዙ ሰዎች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው የሬሳ ሣጥን አለ።

ሹፌሩ የተሰበረውን ክንድ ፈትቶ አመጣ። «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፤ ሳይመሽ ቆላ ወርደን መቅበር አለብን።»

በያጁ ብረቱን አገላብጦ አየው። «ይሄ እንደ በርና መስኮት ብረት አይደለም። ጠንካራ ቅይጥ ነው። ሳይበየድ በፊት በከሰል መሞቅ አለበት፤ ከተበየደ በኋላም አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ለነገ ነው የሚደርሰው።»

«ሬሳ ይዤ እስከ ነገ?»

በያጁ ወደ መኪናው ቀና አለ። ጉሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ እሱን ያያሉ። አፈረ። ብረቱን ሳያሞቅ በየደው። ብየዳው እንደ ሹሩባ ደርዝ ይዞ አማረ። ቶሎ እንዲቀዘቅዝለትም ደጅ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው።

ሹፌሩ ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ብረቱን ማንም አልነካውም። ሁለቱ ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ቀጭ» አለ። ሰው እንጨት በጥፍሩ የሚያንኳኳ ይመስላል። ከመኪናው ላይ አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ወደ ሬሳ ሣጥኑ ዞረች። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሸሹ። የሟቹ እናት ብቻ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ክዳኑ ላይ አሳረፈች።

«ልጄ?» አለች።

ሣጥኑ ዝም አለ። ሦስተኛው «ቀጭ» ከድንጋዩ ላይ መጣ።

በያጁ ብረቱን አንስቶ መረመረው። ስንጥቅ አይታይበትም። «ደህና ነው፤ አምጣው» አለ ሹፌሩ። በያጁ ግን ሞርሳው ውስጥ አስገብቶ አጠበቀውና መዶሻውን አንስቶ የራሱን ሥራ መታው። ብረቱ እንደ ጠርሙስ ተሰበረ። ሰዎቹ ወርደው ከበቡት። ላይ ላዩን ተያይዞ ሳለ ውስጡ አብዛኛው ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ኖሯል፤ ይዞት የቆየው ስስ ልባስ ነው። ከዚያ ሁሉም ቁልቁለቱን አዩ። መንገዱ ጥቂት ሄዶ ጉም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

የሟቹ እናት ተናገረች። «የኔ ልጅ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት የለውም። እናንተ ግን የሚጠብቋችሁ ልጆች አሏችሁ። አንተም ብረቱን እንደ ደንቡ ሥራው።»

በያጁ የድሮውን ብየዳ ጠርጎ፣ ብረቱን አሙቆ፣ እንደገና በየደው። ከዚያ አመድ ቆልሎ ቀበረው። ሐዘንተኞቹም ቅዝቃዜው ስለጠናባቸው ሙቁን ክምር ከበው ተቀምጠው ያለቅሱ ጀመር። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ ሟቹ እዚያ የተቀበረ እየመሰለው ባርኔጣውን አወለቀ። በማግስቱ አመዱን ገልጠው ክንዱን አወጡ። በያጁ ጆሮውን አስጠግቶ ብዙ አዳመጠ፤ በመዶሻ መታው፤ ጸና። ቀስ ብለው ወርደው ልጁን ቀበሩት።

አባ ክንፉ ወደ ደብሪቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ የእናንተም እርቅ እንደዚያ የመጀመሪያው ብየዳ እንዳይሆን ፈራሁ። ትናንት ሁለታችሁም እንደቀዘቀዛችሁ መጣችሁ። አስታራቂዎቹም ቸኮሉ፤ ሰው ተሰብስቦ ያያል። መሳማችሁ ያምር ነበር። ግን እናታችሁ ስታርፍ እህትሽ ለምን እንዳልጠራችሽ አልጠየቅሻትም። እሷም አላነሳችውም። እሱ ነገር ውስጣችሁ አለ፤ ማንም ሳይነካው ይጮኻል።»

ደብሪቱ አቀረቀረች።

«ዛሬ ሂጂና ጠይቂያት፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። የሚሰበር ከሆነ እኔ ፊት ይሰበር፤ እንደገና አሙቀን እናያይዘዋለን። ልጆቻችሁን ጭናችሁ ቁልቁለቱ መሃል ላይ ስትደርሱ አይሁን።»