መሪጌታ ይባቤና ከመቶ መቶ ያደረሰው ትምህርት ቤት

መሪጌታ ይባቤን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አልቀዋል። እኔ የማወጋችሁ የሰማ ላልሰማ ሲያቀብል እኔ ጋ የደረሰውን ነው። መንገድ ላይ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት ይሆናል፤ አልተጨመረም ብዬ አልምልም።

መሪጌታ ቅኔውንም ዜማውንም አድርሰው የጨረሱ ሰው ነበሩ። በንጉሡ ዘመን በዋርካ ሜዳ አውራጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አማርኛ አስተማሪ ሆነው ተቀጠሩ። ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ምላሳቸው ማንንም አይምርም። አለቃቸው ዲሬክተሩ አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱፍ የማያወልቁ፣ ቁጥር የሚወዱ ሰው። የሚወዱት ግን የሚያምረውን ቁጥር ነው እንጂ እውነተኛውን አይደለም።

አንድ ዓመት የአውራጃው ገዥ ፊታውራሪ አጥናፍሰገድ አዋጅ አስነገሩ። ከመዘገባቸው ልጆች ብዙውን እጅ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ያደረሰ ዲሬክተር ሰጋር በቅሎ ከነኮርቻዋ ይሸለማል ተባለ። አቶ ሸዋንግዛው ይህን ሰምተው መዝገባቸውን ቢገልጡ፣ ከተመዘገበው ልጅ የሚበዛው ቀርቷል። አንዱን እርሻ ወስዶታል፣ አንዷን ትዳር፣ አንዱን ረኀብ። እንቅልፍ አጡ። ለልጆቹ አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ በቅሎዋ ናት የታየቻቸው። ሲያስቡ ሲያስቡ አንድ ነገር ትዝ አላቸው፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ ልጅ ከሂሳቡ ይወጣል። ብዕራቸውን አነሡና በጠፋው ልጅ ሁሉ ስም ፊት «ወደ ጎድበት ቆላ ተዛወረ» እያሉ ጻፉ።

ተቆጣጣሪ መጣ። መዝገቡን አገላብጦ ሲያበቃ፣ እኔ በጎድበት ቆላ አልፌ ነው የመጣሁት፣ እንኳን ትምህርት ቤት ጥላ ያለው ዛፍም አላየሁ፣ ይህ ሁሉ ልጅ የት ገብቶ ይማራል ሲል ጠየቀ። መሪጌታ ከጥግ ሆነው መቋሚያቸውን ተደገፉና፣

«ተማሪዎቹ ፈጥነው ደርሰዋል ጌታዬ፤ ትምህርት ቤቱ ነው ገና መንገድ ላይ ያለው» አሉ።

ተቆጣጣሪው ከት ብሎ ሳቀ። ከእንግዲህ ግን ከተቀባዩ ትምህርት ቤት ማስረጃ ያልመጣለትን ልጅ ተዛወረ ብላችሁ እንዳትጽፉ ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ።

ዲሬክተሩ ቆንቋናም ነበሩ፤ ይህንንም ማለፍ አይገባም። ለፋሲካ መምህራኑን ቤታቸው ጠሩ። ጾም ፈቺ ሁሉ ዶሮ ወጥ እያለመ ሄደ። ዶሮ መቼም አሥራ ሁለት ብልት እንዳላት ሕፃን ያውቃል። ገበታው ቀርቦ ክዳኑ ሲነሣ ግን አንገትና አንድ ክንፍ በቀይ ወጥ ባሕር ውስጥ ብቻቸውን ይዋኛሉ። መሪጌታ እንጀራ ቆረሱና ወጡን ወዲያ ወዲህ ያማስሉት ጀመር። አቶ ሸዋንግዛው ነገሩ ገብቷቸው፣ ይብሉ እንጂ መሪጌታ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው አሏቸው።

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝ፤ የቀሩት ብልቶች ወዴት እንደተዛወሩ እያየሁ ነው።»

ከጓዳ በኩል ድምፅ አውጥተው የሳቁት የዲሬክተሩ የገዛ ባለቤት ናቸው ይባላል።

ታዲያ ማዛወሩ ቢከለከል በቅሎዋን የሚተው ሰው ይመስላችኋል? ደግሞ ሲያስቡ፣ የሞተ ልጅም ከሂሳብ እንደሚወጣ ትዝ አላቸው። ሙት ደግሞ ማስረጃ አምጣ አይባልም። «ተዛወረ» የሚለውን ሁሉ ፋቁና «ሞተ»፣ «ሞተች» እያሉ ጻፉበት። እስቲ ይታያችሁ፤ ጉንፋን እንኳ ያልያዘው፣ ማዶ ሞፈር ጨብጦ በሬ የሚያርስ ጎረምሳ ሁሉ በአንድ ጀንበር አለቀ። ከዚያም መዝገቡን ይዘው መሪጌታ ዘንድ መጡ፤ የክፍሉ አስተማሪ መፈረም ነበረበትና። ወረቀት ላይ ብቻ ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብለው ለመኗቸው።

«እኔ ፍትሐት ያልደረሰለትን ሰው አልቀብርም፤ ገዳዩ እርስዎ ከሆኑ ቀባሪውም እርስዎ ይሁኑ» ብለው መለሱላቸው።

ፊርማው ሳይኖርም ሪፖርቱ ለፊታውራሪ ደረሰ። ፊታውራሪም ዝርዝሩን በወጉ ሳያዩት ደስ ብሏቸው ማኅተማቸውን አሳርፈው ወደ አዲስ አበባ ላኩት፤ ዋርካ ሜዳ ከመቶ መቶ።

ከሟቾቹ አንዷ የቆላው ጫኔ ልጅ የውብዳር ነበረች። ስምንተኛ ክፍል ገብታ ሳለ እናቷ ታመው አስታማሚ ጠፋና ቤት ቀረች። እናትዮዋ ሲያገግሙ ደብተሯን ይዛ መጣች። ጭንቀቷ ሌላ ነው። አባቷ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ባለከብት ሊድሯት ቃል ገብተዋል፤ ሽማግሌ ገብቶ በስንት ልመና፣ ዘንድሮ ተፈትና ካለፈች መምህራን ማሠልጠኛ ትግባ፣ ካልሆነ ጥር ላይ ትዳራለች ተብሎ ውል ታሰረ። ዲሬክተሩ ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንቺ ሞተሻል፣ አንቺን ባስነሣ ሌሎቹም ይነሣሉ፣ እነሱ ከተነሡ ደግሞ ከመቶ መቶዬ ይሞታል አሏት። ከርሞ ነይ ብለው አሰናበቷት። ከርሞማ የሰው ሚስት ናት!

እያለቀሰች መሪጌታ ዘንድ ሄደች። «የኔታ፣ ሞተሻል አሉኝ» አለቻቸው። ያን ቀን መሪጌታ አልቀለዱም። ፊታቸው ጠቆረ። ልጅቷን አረጋግተው ወደ ቤቷ ከሸኙ በኋላ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ዕድሩ ዳኛ ቤት አቀኑ።

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ድንኳን ተተክሏል፤ በቅሎዋ በቀይ ግምጃ አጊጣ ታስራለች፤ ፊታውራሪ ከነአሽከሮቻቸው ተቀምጠዋል። አቶ ሸዋንግዛው ንግግራቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ ከታች ከመንገዱ በኩል ዋይታ ተሰማ። መሪጌታ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ የዕድሩ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ ሴቶቹ ንፍሮ ተሸክመው እያለቀሱ ይመጣሉ። ድንኳኑ ለለቅሶም ተመቸ። መሪጌታ በቀጥታ ወደ ዲሬክተሩ ሄደው መሬት ላይ ቁጭ አሉና፣

«እግዜር ያጥናዎት። ይህ ሁሉ ልጅ ሲያልቅብዎት ለዕድራችን አለመንገርዎ ግን አስቀይሞናል» አሉ።

ፊታውራሪ ደነገጡ። ወረርሽኝ ገብቶ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዲሬክተሩ ላብ አጠመቃቸው፤ ኧረ ማንም አልሞተም ጌታዬ አሉ። ካልሞቱ ታዲያ ሪፖርቱ ስለምን ሞቱ አለኝ አሉ ፊታውራሪ። ይኼኔ መሪጌታ ወደ ኋላ ጠቀሱ፤ የውብዳር ከለቀስተኞቹ መሐል ወጣች። ከሟቾቹ አንዷ ይህች ናት፣ የምትለምነውም የፈተና ወንበር ብቻ ነው አሏቸው።

የፊታውራሪ ፊት ተለዋወጠ። ልጅቷ አሳዝናቸዋለች፤ ግን ሪፖርቱ የገዛ ማኅተማቸው አርፎበት ሄዷል። ሕያው ናት ቢሉ ውሸታም ሊባሉ ነው። በመጨረሻ ቆጣ ብለው፣ «በማኅተሜ የጸና ሞት እንዴት አድርጌ ነው የምሽረው?» አሉ።

«አይሻሩት ጌታዬ፤ እንደሞተች ትፈተን። ሕያዋኑን ማድረስ ያቃተው ትምህርት ቤት ሙት ካሳለፈ፣ ያኔ በቅሎዋም ታንሰዋለች።»

መጀመሪያ አሽከሮቹ ሳቁ። ፊታውራሪም ሊቆጡ ሞክረው አቃታቸውና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ልጅቷ ትፈተን አሉ። በቅሎዋም ግምጃዋ ተገፎ ወደ ፊታውራሪ ጋጣ ተመለሰች፤ የመጣው ንፍሮ ግን ተበልቶ አለቀ።

የውብዳር ተፈትና አለፈች። ጫኔም ቃላቸውን አላጠፉም፤ ልጃቸውን ራሳቸው ማሠልጠኛው ድረስ ሸኟት፤ ባለከብቱም ሌላ ፈለገ። ውጤቷን መዝገብ ላይ ማስፈር ግን የዲሬክተሩ ሥራ ነው። አቶ ሸዋንግዛው መዝገቡን ቢገልጡ በስሟ ፊት በገዛ እጃቸው «ሞተች» ብለው ጽፈዋል። በንዴት ብዕራቸውን እንደያዙ መሪጌታን አስጠሩና፣ ነገሩን ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ እንግዲህ ምን ብዬ እንደምጽፍ እርስዎ ይንገሩኝ አሏቸው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ገጹን ከላይ እስከ ታች አዩት። ሞተ፣ ሞተች፣ ሞተ ይላል። ወደ ዲሬክተሩ ጆሮ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣

«‹ተነሣች› ብለው ይጻፉ። ግን ቀስ ብለው ይጻፉ፤ የቀሩት ሰምተው እንዳይነሡብዎት።»